የፍቅር ሚስዮናውያን እኅቶች ማኅበር፤ አመሠራረቱ፣ መስፋፋቱና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ መጨረሻው ፍርድ የተናገረው ቃል በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ተጽፎ እናገኘዋለን። በዚያ ምዕራፍ የተራበ፣ የተጠማ፣ የታረዘ፣ የታመመና የታሰረ ሰው ሁሉ የጌታ መልክ እንዳለበት ተምረናል። ይህን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ብዙዎቻችንም ለሌሎች አስተምረነዋል። ሆኖም አንድን ቃል መስማትና ማስተማር ቃሉን ኖሮ ከማሳየት የተለየ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ያንን አንድ ቃል የሕይወቱ ሥርዓት አድርጎ የተነሣውን የአንድ የደናግል ማኅበር ታሪክ እናጠናለን። ይኸውም ሕዝባችን «የእናት ቴሬዛ እኅቶች» ብሎ የሚጠራው የፍቅር ሚስዮናውያን ማኅበር ነው። በመጨረሻም ታሪኩ በወላይታ ለምንኖር ክርስቲያኖች ምን እንደሚጠይቀን እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተመለከቱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የማኅበሩ አጀማመር

የማኅበሩ መሥራች እናት ቴሬዛ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ኦገስት 26 ቀን 1910፣ በስኮፕዬ ከተማ ከአልባንያውያን ቤተሰብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አግነስ ጎንጃ ቦያጁ ነበር። በ18 ዓመታቸው፣ በ1928፣ ቤታቸውን ትተው ወደ አየርላንድ በመሄድ የሎሬቶ እኅቶች ማኅበር አባል ሆኑ። በጃንዋሪ 1929 ካልካታ ደረሱ፤ በዚያችም የህንድ ከተማ ብዙ ዓመታት በአስተማሪነት አገለገሉ።

በሴፕቴምበር 10 ቀን 1946 ለሱባዔ ወደ ዳርጂሊንግ በባቡር ሲጓዙ አንድ አዲስ ጥሪ በልባቸው ተሰማቸው። ጥሪው ገዳሙን ትተው ከድኾች ሁሉ ድኻ ከሆኑት ጋር እየኖሩ እንዲያገለግሏቸው የሚጠይቅ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። እናት ቴሬዛ ጥሪው እንደተሰማቸው ወዲያው ተነሥተው አልወጡም። ነገሩን ለነፍስ አባታቸውና ለካልካታው ሊቀ ጳጳሳት ለፈርዲናንድ ፔሪዬ አቀረቡ፤ ሊቀ ጳጳሳቱም ጉዳዩን በጥንቃቄ እስኪመረምሩ ድረስ ጠበቁ። ከሮም ፈቃድ አግኝተው ከሎሬቶ ገዳም የወጡት ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በኦገስት 1948 ነው። እውነተኛ ጥሪ በቤተ ክርስቲያን መታዘዝ የሚፈተን መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ከገዳሙ እንደወጡም በቀጥታ ወደ ድኾች መንደር አልገቡም። አስቀድመው ፓትና ወደምትባል ከተማ ሄደው በሕክምና ሚስዮናውያን እኅቶች ሆስፒታል የሕሙማንን አያያዝ ተማሩ። በዚያን ጊዜ ወደፊት የሚሰበስቧቸው እኅቶች እንደ ድኾቹ ሩዝና ጨው ብቻ እየበሉ እንዲኖሩ አስበው ነበር። የፓትና እኅቶች ግን በደንብ ያልበላ ሰው ሕሙማንን ሊያገለግል እንደማይችል፣ ራሱም በበሽታ እንደሚወድቅ ነገሯቸው። እናት ቴሬዛም ምክሩን ተቀበሉ። እነዚህ የሕክምና ሚስዮናውያን እኅቶች ለእኛም እንግዶች አይደሉም፤ ከ1969 ጀምሮ በጉራጌ ምድር በወልቂጤ አጠገብ የአጣጥን ሆስፒታል ያቋቋሙት እነርሱ ናቸው።

በዲሴምበር 1948 እናት ቴሬዛ ሞቲጅል በሚባል የድኾች መንደር ሥራ ጀመሩ። ሰሌዳም ሆነ ወንበር አልነበራቸውም፤ ፊደሉን መሬት ላይ በእንጨት እየጻፉ ልጆችን ያስተምሩ ነበር። በማርች 1949 ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው አንዷ መጥታ የመጀመሪያዋ ተከታይ ሆነች፤ ይህች ሲስተር አግነስ ተብላ የተጠራችው ናት። ሌሎችም ተከተሏት። ኦክቶበር 7 ቀን 1950 ማኅበሩ በቅድስት መንበር ፈቃድ በካልካታ ሀገረ ስብከት ውስጥ በይፋ ተመሠረተ። በዚያ ቀን አባላቱ 12 ያህል ብቻ ነበሩ።

2. የሕይወታቸው ሥርዓት

እያንዳንዱ የደናግል ማኅበር ሦስት መሐላዎችን ይፈጽማል፤ እነርሱም የድኅነት፣ የንጽሕናና የመታዘዝ መሐላዎች ናቸው። የፍቅር ሚስዮናውያን ግን አራተኛ ይጨምራሉ። ይኸውም ከድኾች ሁሉ ድኻ የሆኑትን ያለ ምንም ክፍያ በሙሉ ልብ ማገልገል ነው። ስለዚህ ከሚያገለግሉት ሰው ዋጋ አይቀበሉም፤ ደመወዝም የላቸውም።

ልብሳቸው ባለ ሰማያዊ ጥለት ነጭ የጥጥ ሳሪ ነው። እናቶቻችን በጥለቱ የሚያጌጥ ነጠላ እንደሚለብሱ፣ ሳሪም የህንድ ሴቶች የዘወትር ልብስ ነው። እናት ቴሬዛ ድኾቹ ሴቶች የሚለብሱትን ርካሽ ጨርቅ መረጡ። የእኅቶቹን ሳሪ የሚሸምኑት በካልካታ አጠገብ በቲታጋር የሚኖሩ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ናቸው። እንግዲህ ሰው የሸሻቸው እጆች የሠሩትን ልብስ በዓለም ዙሪያ ያሉ እኅቶች ሁሉ ይለብሱታል ማለት ነው። ይህ ብቻውን ታላቅ ስብከት ነው።

በየቤተ ጸሎታቸው ከመስቀሉ አጠገብ «ጠማኝ» የሚለው የጌታ ቃል ተጽፎ ይገኛል (ዮሐ. 19፥28)። የሥራቸው ሁሉ ምንጭ ይህ ነው። ቀናቸውን በጸሎትና በቅዳሴ ይጀምራሉ፤ ከ1973 ጀምሮም በየዕለቱ አንድ ሰዓት በቅዱስ ቁርባን ፊት ይሰግዳሉ። ሥራ ስለበዛ ጸሎት ይቀነስ የሚል አሳብ በመካከላቸው ተቀባይነት አላገኘም፤ እንዲያውም ሥራው በበዛበት ዘመን የጸሎቱን ሰዓት ጨመሩ።

አንዲት ወጣት የመጨረሻውን መሐላ እስክትፈጽም ድረስ ረጅም መንገድ ትጓዛለች። ከመጀመሪያ ደረጃ ምልከታና ዝግጅት በኋላ ሁለት ዓመት በኖቪስነት ትቆያለች። ከዚያም የመጀመሪያውን መሐላ ፈጽማ ለተወሰኑ ዓመታት በየዓመቱ ታድሰዋለች። ስለዚህ ልጃቸው ወደ ገዳም ለመግባት ስትጠይቅ የሚደነግጡ ወላጆች፣ ቤተ ክርስቲያን ማንንም በችኮላ እንደማታስር ማወቅ ይገባቸዋል።

3. ማኅበሩ በዓለም እንዴት እንደ ተስፋፋ

የማኅበሩ ታዋቂ ሥራ በኦገስት 1952 በካልካታ በካሊጋት የተከፈተው ቤት ነው። የከተማው አስተዳደር ከካሊ ቤተ መቅደስ አጠገብ የነበረን የነጋድያን ማረፊያ ሰጣቸው። እኅቶቹም በመንገድ ላይ የወደቁትንና ሊሞቱ የተቃረቡትን እያነሡ ወደዚያ አስገቡ። በአካባቢው ሰዎች ዘንድ ሃይማኖታችንን ሊያስለውጡ ነው የሚል ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ሥራው ሲታይ ግን ተቃውሞው እየበረደ ሄደ። በዚያ ቤት ሂንዱው እንደ ሂንዱ፣ እስላሙም እንደ እስላም በክብር ይሸኝ ነበር።

ማኅበሩ እስከ 1965 ድረስ ከህንድ አልወጣም። በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ማኅበሩ በቀጥታ ከቅድስት መንበር በታች እንዲሆን ፈቀዱ፤ በዚያው ዓመትም ከህንድ ውጭ የመጀመሪያው ቤት በቬኔዙዌላ ተከፈተ። በ1968 በሮም፣ በዚያው ዓመት በአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነው ቤት በታንዛንያ በታቦራ ተተከለ። ከዚያ በኋላ አውስትራልያ፣ ለንደን፣ ዮርዳኖስና ኒው ዮርክ ተከታተሉ። ብዙ ሀብት ባለባቸው ከተሞችም ቤት መክፈታቸው አንዳንዶችን አስገርሟል። እናት ቴሬዛ ግን ሰው በእንጀራ ብቻ ሳይሆን በፍቅርም ሊራብ እንደሚችል ዘወትር ያስተምሩ ነበር።

ከእኅቶቹ ጎንም ሌሎች ቅርንጫፎች በቀሉ። በ1963 የወንድሞች፣ በ1976 በጸሎት ተወስነው የሚኖሩ እኅቶች፣ በ1984 ደግሞ የካህናት ማኅበር ተመሠረተ። በ1979 እናት ቴሬዛ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። በሴፕቴምበር 5 ቀን 1997 ሲያርፉ ወደ 4,000 የሚጠጉ እኅቶች ከ120 በሚበልጡ አገሮች በ600 ያህል ቤቶች ያገለግሉ ነበር። በ2003 ብፅዕት፣ በሴፕቴምበር 4 ቀን 2016 ቅድስት ተብለው ታወጁ። ከእሳቸው በኋላ ሲስተር ኒርማላ፣ ሲስተር ፕሬማ፣ ከ2022 ጀምሮም ሲስተር ሜሪ ጆሴፍ ማኅበሩን መርተዋል።

4. ወደ ሀገራችን መምጣታቸው

እኅቶቹ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1973፣ በእኛ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ነው። ወሎን የመታው ረኀብ በዓለም የተሰማበት ጊዜ ነበር። እናት ቴሬዛ ፈቃድ ለመጠየቅ ቤተ መንግሥት ቀርበው ነበር። ባለሥልጣኑ ከመንግሥት ምን እንደሚፈልጉ ሲጠይቃቸው ምንም እንደማይፈልጉ፣ ለመስጠት እንጂ ለመቀበል እንዳልመጡ መለሱ። ሰዎችን ሃይማኖታቸውን ታስለውጣላችሁን የሚል ጥያቄም ቀረበላቸው፤ እሳቸውም ሥራቸው የእግዚአብሔርን ፍቅር ለሚሠቃዩት መግለጥ እንደሆነ አስረዱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በደስታ ፈቀዱላቸው።

ጥቂት ወራት ሳያልፉ አብዮቱ ፈነዳ። በዚያ ዘመን ብዙ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችና ድርጅቶች ከባድ ፈተና እንደ ገጠማቸው ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ። እኅቶቹ ግን ከድኾች ጋር ቆዩ። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ ረኀብ እናት ቴሬዛ ራሳቸው ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ እኅቶቻቸውም በሰሜን ለተራቡት ምግብና ሕክምና ያድሉ ነበር። ያ ረኀብ በሰሜን ብቻ የቆመ አልነበረም፤ ወላይታም ቀምሶታል። ዛሬ በመካከላችን ያሉ ብዙ አባቶችና እናቶች በዚያ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ በተሰጠ ወተትና እህል የተረፉ ልጆች ነበሩ።

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው ቤታቸው በሀገራችን ከሁሉ ይበልጥ የታወቀ ነው፤ በአላማጣ፣ በድሬዳዋና በጅማም ቤቶች አሏቸው። በአስኮ ደግሞ ወላጆቻቸውን በኤድስ ያጡና ራሳቸውም ቫይረሱ ያለባቸው ልጆች የሚያድጉበት ቤት ከፍተዋል። በስድስት ኪሎ ቤት የአይሁድ እምነት ተከታይ የሆኑት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ ለብዙ ዓመታት የልብ፣ የካንሰርና የአከርካሪ ሕሙማንን በማከም አገልግለዋል። በፍቅር ሥራ ላይ ሃይማኖት የተለየው ወንድምም ሊተባበረን እንደሚችል ይህ ያሳየናል።

5. ስለ መከራውና ስለ ነቀፌታው

የትምህርተ ክርስቶስ መምህር የቅዱሳንን ታሪክ ሲያስተምር መከራውንና ነቀፌታውን መደበቅ የለበትም።

መከራውን በየመን አይተነዋል። በ1998 በሆዴይዳ ሦስት እኅቶች ተገደሉ። በማርች 2016 ደግሞ በኤደን ከተማ ታጣቂዎች አረጋውያን የሚጦሩበትን ቤት ወርረው 16 ሰዎችን ገደሉ። ከእነርሱ አራቱ የማኅበሩ እኅቶች ነበሩ፤ ሁለቱ ከሩዋንዳ፣ አንዷ ከኬንያ፣ አንዷ ከህንድ። ከእኅቶቹ ጋር ይሠሩ ከነበሩትና አብረው ከሞቱት መካከል ኢትዮጵያውያን ወንድሞች እንደነበሩ መዘንጋት የለብንም። የእነርሱም ደም ከዚህ ታሪክ ጋር ተቀላቅሏል።

ነቀፌታም ነበረ። በ1994 ላንሴት የተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት በካሊጋት ቤት የሕመም ማስታገሻና የበሽታ ምርመራ በቂ እንዳልሆነ ጽፏል። ሌሎችም የበለጠ የከረሩ ትችቶች አቅርበዋል። ቤቱ የተከፈተው ማንም ለማይቀበላቸው ማረፊያ እንዲሆን እንጂ ሆስፒታል እንዲሆን አልነበረም የሚለው መልስ እውነትነት አለው። ቢሆንም ከነቀፌታው የምንማረው አለ። ፍቅር ዕውቀትን መናቅ አይገባውም። እናት ቴሬዛ ራሳቸው ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በፓትና ተቀምጠው መማራቸውን አስታውሱ። በየቁምስናችን ሕሙማንን የምንጠይቅ ሁሉ ከጸሎት ጋር የጤና ባለሙያን ምክር መያዝ አለብን።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ በ2007 በታተሙት ደብዳቤዎቻቸው የተገለጠው ነው። እናት ቴሬዛ ወደ 50 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በጸሎት መጽናናት ሳያገኙ፣ እግዚአብሔር የራቃቸው እየመሰላቸው ኖረዋል። ይሁን እንጂ አንድም ቀን ጸሎታቸውንም ሆነ ድኾቹን አልተዉም። በሩቅ መንደር ቤተ ጸሎት፣ በዝናብና በጭቃ እየተመላለሳችሁ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፤ ልባችሁ ሲደርቅ ጥሪያችሁ የጠፋ አይምሰላችሁ። እምነት ስሜት ሳይሆን ታማኝነት ነው።

6. ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይላል?

ወንጌል በካፑቺን አባቶች ድካም በአካባቢያችን ከተዘራ ወዲህ ቤተ ክርስቲያናችን አድጋለች። በ1940 የሆሳዕና ሐዋርያዊ ፕሬፌክቱራ ሆና የተመሠረተችው፣ በ2010 ሶዶና ሆሳዕና ተብላ በሁለት ሐዋርያዊ ቪካሪያት እስከ መከፈል ደርሳለች። የልዩ ልዩ ማኅበራት እኅቶችም በትምህርት ቤቶችና በጤና ተቋማት አገልግለውናል። ነገር ግን ከዚህ የተነሣ አንድ አደገኛ ልማድ ገብቶብናል። የምሕረት ሥራ የሲስተሮች ሥራ ነው፤ የእኛ ድርሻ መቀበል ነው ብለን ማሰብ ጀምረናል። የታመመ ጎረቤት ሲኖር «ወደ ሲስተሮች ውሰዱት» ማለት ቀሎናል። እናት ቴሬዛ ግን ሥራውን የጀመሩት ያለ ገንዘብና ያለ ሕንፃ መሆኑን አይተናል።

አንድ ምሳሌ በእጃችን አለ። ብዙዎች ዝሆኔ የሚሉት የእግር እብጠት በወላይታ ሰፊ ነው። በዞናችን ተካሂዶ በ2003 የታተመ ጥናት ከ100 ሰዎች ከ5 በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው አሳይቷል። በሽታው ርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሚመጣው በቀዩ አፈራችን ውስጥ ያሉት ረቂቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ለብዙ ዓመት በሚሄድ ሰው ቆዳ በኩል ገብተው ሰውነትን ስለሚያስቆጡ ነው። ይህን እያወቅን እንኳ ከሕሙማኑ ጋር ጋብቻ የምንሸሽ፣ ከአጠገባቸው መቀመጥ የምንጠላ ብዙዎች ነን። በቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ ተቀምጣ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ሰው እንዳያያት ቀድማ የምትወጣ እናት አይተን እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

የዚህ በሽታ ሕክምና ምን እንደሆነ ብናስተውል እንደነግጣለን። እግርን በየዕለቱ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ ሌሊት ያደረገው ይኸው አልነበረምን? (ዮሐ. 13፥1-15) በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የ12 ሰዎችን እግር ሲያጥብ በአክብሮት እንመለከታለን። የዚያ ሥርዓት ትርጉም የሚፈጸመው ግን በማግሥቱ በጎረቤታችን ጓሮ፣ በአንድ ሳፋ ውኃ ነው። ለዚህ ውጭ አገር ሄዶ መማር አያስፈልግም፤ በአቅራቢያችን ያለው የጤና ባለሙያ በአንድ ቀን ያሳየናል።

ሌላም የከበደ ነገር አለ። ከሸክላ ሠሪውና ከቆዳ ፋቂው ወገን ጋር በአንድ ማዕድ አለመቀመጥ፣ አለመጋባትም በመካከላችን ገና አልጠፋም። በአንድ ጽዋ የጌታን ደም የሚያምን ክርስቲያን፣ ወንድሙ የጠጣበትን ዋንጫ ሊለይ እንዴት ይችላል? ጊፋታ ሲደርስ የተጣላ ይታረቃል፤ ቤተሰብም ተሰብስቦ በአንድነት ይበላል። ይህ መልካም ባህላችን ነው። በሚቀጥለው ጊፋታ ማዕዳችን ሲቀርብ የጎደለው ማን እንደሆነ እንቁጠር። የፍቅር ሚስዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሸመኑትን በክብር ለብሰው የሚዞሩ ከሆነ፣ እኛ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት በልተን እርሷን ከደጅ ማስቀረታችን በፍርድ ቀን ምን መልስ ያገኛል?

በመጨረሻም ለወላጆች። ከሴት ልጆቻችሁ አንዷ በማናቸውም ማኅበር ጌታን በደናግልነት ለማገልገል ብትጠይቅ፣ ለጥሎሽ ወይም ለዘር ብላችሁ አትከልክሏት፤ ለኑሮ መደገፊያም ብላችሁ አትግፏት። ጸልዩ፤ ከቁምስናችሁ ካህን ጋር ተመካከሩ፤ ነጻ ሆና እንድትመርጥ ተዉአት።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. የማቴዎስ ወንጌል 25፥31-46ን በአንድነት አንብቡ። በመንደራችሁ የተራበ፣ የታመመ ወይም የተገለለ ሰው ማን ነው? ስሙን ታውቃላችሁን?

ለ. እናት ቴሬዛ ለጥሪያቸው ፈቃድ እስኪያገኙ ሁለት ዓመት ያህል የታገሡት ለምን ይመስላችኋል?

ሐ. አራተኛው መሐላ ምንድን ነው? ባለ ትዳር ክርስቲያንስ በምን መንገድ ሊኖረው ይችላል?

መ. በቁምስናችሁ የእግር እብጠት ያለባቸው ስንት ሰዎች አሉ? እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ጎብኟቸው፤ ያያችሁትንም ለጉባኤው ተናገሩ።

ውድ አንባብያን፤ ከ12 ሴቶች የተጀመረ ሥራ ዓለምን የዞረው እያንዳንዷ በፊቷ ያለውን አንድ ሰው ስላነሣች ነው። እኛም በሶዶም ሆነ በገጠር ቁምስናችን ከፊታችን ካለው ከአንዱ እንጀምር። በመስቀል ላይ «ጠማኝ» ያለው ጌታ በጎረቤታችን ቤት ውኃ እየጠበቀ ነው፤ እንዳንዘገይ በጸጋው ይርዳን። አሜን።